በፈለቀ አጥር ውስጥ የተቆጠሩት ከብቶች

ከከብቶቹ በፊት የመጣው ታፔላው ነው። ቱርሚ ገበያው ዳር፣ ከእኔ ሻይ ቤት ትይዩ፣ ፈለቀ የሚባለው ነጋዴ ሰፊ ቦታ በሽቦ አሳጠረ፤ የቆርቆሮ ዳስ አቆመ፤ ከበሩ በላይ «ዘመናዊ የከብት እርባታና ማድለቢያ እርሻ» የሚል አረንጓዴ ታፔላ ሰቀለ። ውስጡ ግን አንዲት ጥጃ እንኳ አልነበረችም። የጭነት መኪና ሾፌሮች ሻይ ሊጠጡ ሲወርዱ ይቀልዱበታል።

«ፈሌ፣ ምን ልታደልብ ነው? አቧራ?»

«ታገሱ፣ ታያላችሁ» ይላል እየሳቀ። ፈለቀ ሲቀለድበት የማይቆጣ ሰው ነው። ይህን መልካም ጠባይ ነው ብዬ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ።

ዝናቡ ሁለት ወቅት የቀረበት ጊዜ ነበር። ቀስቄ ወንዝ አሸዋ ብቻ ሆኖ፣ ሴቶቹ ውሃ ለመቅዳት በቆፈሩት ጉድጓድ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይሰወራሉ፤ ከላይ የሚታየው ቅል የምትቀበለዋ ልጅ እጅ ብቻ ነው። ከብት መንገድ ዳር ይወድቃል። አሞራው እንኳ ጠግቦ መብረር አቅቶት በእግሩ ይሄድ ነበር።

የድጎማው ወሬ የመጣው ያን ጊዜ ነው። መንግሥት ለእርሻዎች መኖና ገንዘብ ይሰጣል፣ በከብታቸው ልክ፤ ለአርብቶ አደሩም እንዲሁ፣ በበረቱ በተገኘው ልክ። ከጂንካ ኮሚቴ መጥቶ ይቆጥራል። ከብት በቆመበት ይቆጠራል፣ የሚጻፈውም የቆመበት አጥር ባለቤት ስም ነው። ለሚሰማው ሰው ምንም ክፋት የሌለበት ደንብ ነው። እኔም ስሰማ «ተመስገን» ነው ያልኩት።

ሻንቆ ከዚህ ትንሽ ራቅ ካለ መንደር የሚመጣ የሐመር ሽማግሌ ነው። ሰኞ ሰኞ ማር ይዞ ገበያ ሲወጣ ዕቃውን እኔ ዘንድ ያኖራል፤ ትንሿን የእንጨት መቀመጫውን ከጥላው ስር አድርጎ ይቀመጣል። ብዙ አያወራም። እኔም ብዙ አላወራም። እንዲህ ሆነን ስንት ዓመት ተግባብተናል።

ሐመሮች ቤል የሚሉት ወዳጅነት አላቸው። ፍየል ተሰጣጥተው፣ አብረው በልተው የሚገቡበት ነው፤ ከወንድምነት አያንስም። ሐመር ከብቱን ሁሉ አንድ በረት አያከማችም፤ በሽታ ቢገባ፣ ድርቅ ቢመጣ ሁሉም በአንዴ እንዳያልቅ ለቤሎቹ ያከፋፍላል። ስለዚህ በአንድ ሰው በረት ከምታያቸው ላሞች ግማሾቹ የሌላ ሰው ናቸው። የማን እንደሆኑ ጆሯቸው ላይ ያለው ቅድ ይናገራል፤ ሰው ግን አይናገርም። ሻንቆ እንዳስረዳኝ፣ ላምህ በቤልህ ደጅ ቆማ ሳለ «የእኔ ናት» ማለት ነውር ነው። ከጅብ የሚጠብቃት እሱ፣ ለጥጃዋ የሚያስብላት እሱ። ቆመህ «የእኔ» ካልክ፣ ወዳጅህን ሌባ አልከው ማለት ነው። በእሱ ደጅ የእሱ ናት። ስትፈልጋት «ወተት አማረኝ» ትለዋለህ፣ እሱም ይገባውና ነድቶ ያመጣልሃል።

ፈለቀና ሻንቆ ቤል ናቸው። የሆኑትም በደግ ነገር ነበር። የሻንቆን ሚስት እባብ ነድፏት ሳለ፣ ፈለቀ የጫነውን ጤፍ መንገድ ዳር አራግፎ በአይሱዙው ጂንካ ሆስፒታል አድርሷታል። ሳንቲም አልተቀበለም። ያን ቀን ያደረገው ከልቡ ነበር፤ ይህን ደብቄ ሌላውን ብናገር እግዚአብሔር ይታዘበኛል። ሴትዮዋ ድና ስትመለስ ሻንቆ ፍየል ጎትቶ መጣ፣ እሱን አርደው አብረው በሉ፤ ፈለቀም በፋንታው አንዲት እንስት ፍየል ሰጠው።

እንግዲህ የድጎማው ወሬ በተሰማ ሰሞን፣ ፈለቀ ከጥላው ስር መጥቶ ከሻንቆ ጎን ቁጢጥ አለ። የገበያ ሐመርኛ ይችላል።

«ቤሌ፣ ከብቶቹ እንዴት ናቸው?»

«ቆመዋል። ሣር ግን የለም።»

«እኔ አለሁልህ አይደል? የእጅ ፓምፕ አለኝ። ድርቆሽም በመኪና ሊመጣ ነው። አምጣቸው፣ እኔ ጋ ይሰንብቱ። ዝናብ ሲዘንብ ትነዳቸዋለህ።»

ሻንቆ ሽቦውን አየት አደረገ። «አጥርህ ብረት ነው» አለ።

«ታዲያ ብረት ይበላቸዋል?» ፈለቀ ሳቀ። ሻንቆም ሳቀ።

በሳምንቱ ነዳቸው። ከፊት የምትመራው ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ቦቃ ላም ነበረች፤ የሚስቱ ሕይወት በተረፈበት ሰሞን የወለደች ስለሆነች ይወዳታል። ከኋላ ቡሬው፣ ዳለቻዋ፣ ጊደሮቹ። የሻንቆ ቤተሰብ ያለው ከብት ያ ነው፤ ሌላው ሞቷል። ሁሉም በታፔላው ስር አልፈው ገቡ።

ኮሚቴው የመጣው ብዙም ሳይቆይ ነው። የሚመራው አቶ ኤልያስ የሚባል ኃላፊ ነበር፤ ጫማው ንጹሕ፣ አነጋገሩም ትሁት። አስተርጓሚው ሚልክያስ ነው፤ የሐመር ልጅ፣ ጂንካ የተማረ፣ እዚሁ የልማት ሠራተኛ። ሻይ በትሪ ይዤ ወደ ፈለቀ አጥር በገባሁ ጊዜ አንዱ የኮሚቴ አባል፣ «የከብቶቹ ባለቤትነት በአካባቢ ሽማግሌ ይረጋገጥ» ሲል ሰማሁ።

ፈለቀ ወዲያው ዞር አለ። ሻንቆ ከብቶቹን ሊያይ መጥቶ ገንዳው አጠገብ ቆሟል።

«እነሆ፣ የአገር ሽማግሌ! ከእሱ የበለጠ ማን አለ? ይጠየቃ!» አለ ፈለቀ።

አቶ ኤልያስ ኮፍያውን አውልቆ ሰላም አለው። «አባት፣ እነዚህ ከብቶች የማን ናቸው?»

ሚልክያስ ጥያቄውን በሐመርኛ አቀረበ። ሻንቆ ከብቶቹን አየ፣ ፈለቀን አየ፣ ፈገግ አለ። የመለሰው አጭር ነበር፤ እኔም በገበያ በለመድኩት ሐመርኛ ተረዳሁት። የቤሌ ናቸው አለ።

ሚልክያስ ወደ ከብቶቹ ዞረ። ዓይኑ የቦቃዋ ጆሮ ላይ ነበር። የሐመር ልጅ አይደል፣ ቅዱን ያነባል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ በእጁ ወደ ፈለቀ እያመለከተ ተረጎመ፦ «የዚህ ሰው ናቸው ብሏል።»

«በጣም ጥሩ። ጻፍ» አለ አቶ ኤልያስ።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ወደ መንደሮቹ ወጣ። የሻንቆ በረት ባዶ ነበር። ባዶ በረት የከብት ድጎማ አያሰጥም። «ከብት የለውም» ተብሎ ታለፈ። ሻንቆ አልከፋውም፤ የሚሆነውን ገና አላወቀም። ፈለቀ ለከብቶቹ መኖ የሚያገኝ ከሆነ፣ ያው ለእሱ እንዳገኘ ነው የቆጠረው።

ሚልክያስ ማታ ሊበላ ሲመጣ ሳህኑን አስቀምጬ አልሄድኩም።

«አንተ ልጅ፣ ምንድን ነው ዛሬ ያደረግኸው?»

«የኤልዳና እናት፣» አለኝ በልጄ ስም፣ «እኔ የተባለውን ነው የተረጎምኩት።»

«የተባለውንማ እኔም ሰምቼዋለሁ። ያልተባለውን ታውቅ የለም ወይ? አባትህ ስንት ከብት ነው በሰው በረት ያለው?»

«አስተርጓሚ ከራሱ አይጨምርም። ሥራዬ ነው። ገና በኮንትራት ነኝ።» እንጀራውን ሳይቀምስ ጠቀለለው። «ደግሞ ፈለቀ ቤሉ ነው። ቤል አይካድም። ዝናብ ሲመጣ ይመልሳል።»

«አንተ ታምናለህ?»

ተነሥቶ ወጣ። ሳህኑ እንዳለ ተመለሰ።

ድርቆሹ በሁለት ትልልቅ መኪና መጣ፤ ፉርሽካውም በጆንያ። ዳሱ ሞላ። በሰኞው ገበያ ላይ፣ የፈለቀ ተቀጣሪ አንጁሎ ያንኑ የታሰረ ድርቆሽ መንገድ ዳር ደርድሮ ሲቸረችር አየሁት።

«አንጁሎ፣ አታፍርም?»

«እናቴ፣ እኔ ምን አገባኝ? ስጣቸው ካለኝ እሰጣለሁ፣ ሽጥ ካለኝ እሸጣለሁ። ሳር ሳር ነው፣ አፍ የለውም» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ።

ያን ቀን ያየሁትን ግን በምን ልርሳው? የሻንቆ ሚስት ማሯን ሸጠች። የማሩን ብር ለአንጁሎ ሰጥታ አንድ እስር ድርቆሽ ገዛች። በራሷ ተሸክማ መንገዱን ተሻገረችና በሽቦው ላይ ወርውራ ለራሷ ላሞች ሰጠች። በእነዚያው ላሞች ስም ከመንግሥት የመጣውን ድርቆሽ! ላሞቹ እየተጋፉ በሉ። የጎድን አጥንታቸው ከእኔ በረንዳ ይቆጠር ነበር። ሴትዮዋ ጥቂት ቆማ አየቻቸው፣ ከዚያ ባዶ ቅሏን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። 

በእሑዱ ፈለቀ የምስጋና መባ ይዞ ወደ መድረኩ ወጣ። የምናመልከው አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሱ ፊት ወንበር፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ። «ጌታ በድርቅ ዘመን በረቴን ባረከልኝ» አለ። ጉባኤው «አሜን!» አለ፣ ኳየሩ ተነሣ። የእኔ አፍ አልከፈት አለ። ጌታ ሆይ፣ አልኩ በልቤ፣ ይሄንን አንተ አልሰጠኸውም፤ ስምህን ለምን ያስገባዋል? 

ከዚያ ሻንቆ መጣ። ዱላውን በሩ ላይ አስደገፈ፤ ፈለቀ እኔ ዘንድ ቁርስ ይበላ ነበር።

«ቤሌ» አለ ሻንቆ በዝግታ፣ «ወተት አማረኝ።»

ፈለቀ እጁን ታጥቦ ተነሣ፣ ትከሻውን አቀፈው። «ቤሌ፣ አሁን አይሆንም። ከብቶቹ የመንግሥት ድጎማ ገብቶባቸዋል። ለአንድ ዓመት ከአጥሩ ቢወጡ እኔ ታሳሪ ነኝ። ደንብ ነው።»

«ቦቃዋ መነሣት አቅቷታል።»

«መድኃኒት አስወጋታለሁ።»

«ቤቷ ወስጄ ቅጠል እቆርጥላታለሁ።»

«ሻንቆ፣» አለ ፈለቀ፣ አሁን ቤሌ አላለውም፣ «ከብቶቹ በእኔ ስም ነው ያሉት። ያጸናኸው ደግሞ አንተ ነህ። በኮሚቴው ፊት፣ በራስህ አፍ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። አሁን ብትለውጥ ውሸታም የምትባለው አንተ ነህ።»

ሻንቆ ክንዱን ቀስ አድርጎ ከትከሻው ላይ አወረደው። አልጮኸም። ምነው በጮኸ ብዬ ተመኘሁ። በወግ ያከበረውን ሰው፣ ያንኑ ወግ ገመድ አድርጎ አሰረው! ካላወቀ ሰው ቢመጣ ይቻል ነበር። ፈለቀ ግን ያውቃል። ፍየል የበላበት ነገር ነው።

ሚልክያስ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። በነጋታው ሻንቆን ይዞ አቶ ኤልያስ ወዳረፈበት ሆቴል ሄደ፤ ተመልሶ የነገረኝን እንዳለ እጽፋለሁ። የቤልን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳው። ኃላፊው በትህትና አዳመጠ።

«ጆሯቸውን ማየት ይችላሉ» አለው ሚልክያስ። «ቅዱ የሻንቆ ነው።»

«ፈለቀ ከብት የሚገዛው ከሐመር ነው። ጆሯቸው የሐመር ቢሆን ምን ይገርማል?»

«ማንንም ሐመር ይጠይቁ።»

«ጠይቄአለሁ እኮ። ይህንኑ ሽማግሌ ነው የጠየቅሁት። አሁን የእኔ ናቸው ካለ ይበል። አንዲት ቃል ናት!»

ሚልክያስ ለሻንቆ ተረጎመለት። ሻንቆ ግን በሰው ደጅ ያለች ላም ላይ ያንን ቃል ከማለቱ በፊት ቤልነቱ መፍረስ እንዳለበት ተናገረ፤ የእሱ አባትም፣ የአባቱም አባት ቤል አፍርሰው እንደማያውቁ። አቶ ኤልያስ ሰዓቱን አየ። «የባህሉን ጉዳይ እናንተው ጨርሱት» አለ። «እኔ ሰኞ ለሁለተኛው ዙር ክትትል እመጣለሁ።»

ሰኞ ገበያው ሞልቷል። ከዲመካ የመጡ ሴቶች፣ የፍየል ነጋዴዎች፣ ከኦሞራቴ ዓሣ ጭኖ የቆመ መኪና። አቶ ኤልያስ ከአንድ ፖሊስና ከሚልክያስ ጋር አጥሩ በር ላይ ቆሞ ከፈለቀ ጋር ያወራል። ሻንቆ በሰው መሐል መጣ። ያመጣው አንዲት ሴት ፍየል ነው፤ ያኔ ፈለቀ የሰጠው ፍየል የወለደቻት። ገመዷን ወደ ፈለቀ ዘረጋ።

«ፍየልህን ተቀበል። ከዛሬ በኋላ እኔና አንተ አብረን አንበላም።»

ፈለቀ ገመዱን አልያዘም። «ኧረ ቤሌ፣ ምን ነካህ? በሰው ፊት?»

«ቤል አትበለኝ።»

ገበያው ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ሐመሮቹ ምን እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። አንዲት ሴት አፏን በመዳፏ ያዘች። ገመዱ መሬት ወደቀ፣ ፍየሏም ሄዳ የአንጁሎን ድርቆሽ መብላት ጀመረች፤ ማንም አልከለከላትም።

ሻንቆ ወደ አቶ ኤልያስ ዞረና ተናገረ። ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ ነበር። በሰው መሐል ልብሱን የገፈፉት ሰው ፊት ነበረው።

ሚልክያስ ግን ዝቅ አላደረገውም። «የእኔ ናቸው ብሏል!» ብሎ ጮኸ። «ቡሬውም፣ ዳለቻዋም፣ ያቺ የወደቀችውም የእኔ ናቸው ብሏል! እኔም ከራሴ እጨምራለሁ፤ እውነቱን ነው። ያኔም አውቅ ነበር!»

«ሚልክያስ!» አለ አቶ ኤልያስ።

«ያባርሩኝ።»

ኃላፊው ወደ ሻንቆ ተመለሰ። «አባት፣ ይህን በቆጠራው ቀን ማለት ነበረብዎት። አሁን ምዝገባው ተዘግቷል። የበጀት ዓመቱ…»

ከዚያ በላይ አልተሰማም። የሻንቆ ሚስት ወደ አጥሩ ሄዳ ሽቦውን ያዘች። ሌሎቹም ሴቶች መጥተው ከጎኗ ያዙ። እኔም ትሪዬን መሬት አድርጌ ሄድኩ። ማንም አልሰበረም፣ ማንም አልተሳደበም፤ ዝም ብሎ መያዝ ነው። ፖሊሱ ወደ ኃላፊው ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «ሰው እየበዛ ነው፣ እኔ ብቻዬን ነኝ» ሲለው ሰማሁ።

አቶ ኤልያስ ላቡን ጠረገ። «ከብቶቹ ለጊዜው ይውጡለት» አለ። «የድጎማው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ከዚህ ጋር አይገናኝም።»

ፈለቀ በሩን ራሱ ከፈተ። ሲከፍት ወደ እኔ አየ። «እኅቴ፣ አንቺም?» አለኝ።

«እኔም» አልኩት።

ከብቶቹ እየተንገዳገዱ ወጡ። ቦቃዋ አልተነሣችም። ሻንቆ ሌሎቹን ለልጆቹ ሰጥቶ፣ መቀመጫውን ከራሷ አጠገብ አድርጎ ተቀመጠ። ገበያው ሲበተን ሞተች። ከዚያ በኋላ የመንገዱን አቧራ ከፊቱ አራግፎ ሄደ።

ዝናቡ ዘገየ እንጂ መጣ። ሚልክያስ ኮንትራቱ አልታደሰለትም፤ አሁን ቱሪስት ያስጎበኛል። አንድ ቀን እኔ ዘንድ ተቀምጦ ሳለ የፈለቀ ሁለተኛ ዙር ክፍያ እንደ ወጣ ነገረኝ። በአጥሩ ውስጥ ሣር በቅሎበታል፣ አንዲት ከብት የለም።

«እንዴት ይከፈለዋል?» አልኩ። «ኃላፊው በዓይኑ አይቶ የለም ወይ?»

«እርሻው በሲስተሙ ውስጥ አለ። አንዴ ከጸደቀ የሚሰርዘው ከጂንካ ነው፣ ጂንካ ደግሞ ከላይ ደብዳቤ ይጠብቃል። ለሻንቆ ድጎማ ጠየቅሁ፤ ‹ከብት የለውም የተባለ ሰው ከየት አመጣ?› አሉኝ።»

ወንበር ይዤ ቆሜ ነበር። መሬት ላይ ባልፈጠፍጠውም በኃይል አስቀመጥኩት፤ እግሩ ተሰነጠቀ። ድሀ በረቱን ባዶ ያደረገው ወዳጁን አምኖ ነው። ያመነው ተቀጣ፣ የካደው ተከፈለው። ታፔላ ከተሰቀለበት ባዶ አጥርና ከብት ከቆመበት የሻንቆ በረት የትኛው ነው እርሻ? ይህን የሚጠይቅ ቢሮ እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ በጸሎቴ ግን በየቀኑ እጠይቃለሁ።

ባለፈው ሰኞ ምስጋና የሚባል ጎረምሳ፣ ሻንቆ ከቆየ ጀምሮ ቤል የሆነው ሰው ልጅ፣ ሁለት ጊደር እየነዳ መጣ። አባቱ ጊደሮቹ ሻንቆ ዘንድ ይሰንብቱ ብሎ ልኮታል። ሻንቆ ጥላው ስር ነበር። እንደ ወጉ ተነሥቶ ጀርባቸውን መዳሰስ ነበረበት። አልተነሣም።

«መጀመሪያ ሰው ይቁም» አለ። «እነዚህ የአባትህ መሆናቸውን የሚሰማ ሰው።»

ልጁ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ የሽማግሌውን ፊት አይቶ ሳቁን ዋጠ። «አባቴ እንዲህ አላለኝም» አለ። «ምን ብዬ ልንገረው?»

 ሻንቆ ወደ እኔ ዞሮ በእጁ ጠራኝ። ሻዩን እሳት ላይ ትቼ ወጣሁ፣ ከጊደሮቹ አጠገብ ቆምኩ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ በእንግዳ ሴት ፊት፣ የአባቱን ስም ተናገረ።